የመንገደኛ ካርድ ታሪክና የሽልማቱ ባለዕዳ

ሰው ከቀዬው ርቆ በሚጓዝበት ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያሳስበው የስንቁ ጉዳይ ነው። በቀድሞ ዘመን ስንቅ ማለት በአቁማዳ የሚቋጠር በሶና ቆሎ ነበር፤ ንግድና መገናኛ ከተስፋፉ ወዲህ ግን ስንቁ ገንዘብ ሆነ፤ ገንዘቡ በተራው ወረቀት፣ ወረቀቱም በመጨረሻ መዳፍ የማትሞላ ካርድ ሆነ። ዛሬ በአሜሪካ የሚኖር ሰው ለጉዞ ሽልማት የሚሰጥ ክሬዲት ካርድ ልያዝ ብሎ ቢነሣ ብዙ ዓይነት ይቀርብለታል፤ ሁሉም ነጻ ቲኬትና የተሻለ መቀመጫ ተስፋ ይሰጡታል። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንዲሉ፣ ከእነዚህ መካከል የሚበጀውን ለይቶ ለማወቅ ካርዱ ከየት እንደ መጣና ሽልማቱን የሚከፍለው ማን እንደ ሆነ መመርመር ይገባል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከቼክ እስከ ካርድ

በ19ኛው መቶ ዓመት ወደ ውጭ አገር የሚጓዝ ባለሀብት ከባንኩ የተጻፈለትን የማስተማመኛ ደብዳቤ ይዞ፣ በየደረሰበት ከተማ ለባንኩ ወኪሎች እያቀረበ ገንዘብ ይቀበል ነበር። ደብዳቤው ግን ከትልልቆቹ ከተሞች ውጭ እምብዛም ተቀባይ አልነበረውም። በ1890 የአሜሪካን ኤክስፕረስ ኩባንያ ፕሬዚዳንት የነበሩት ጄ. ሲ. ፋርጎ አውሮፓን ሲጎበኙ ይኸው ችግር ገጠማቸው፤ ሲመለሱም መፍትሔ እንዲፈለግለት አዘዙ። በዚህ መሠረት የኩባንያው ባልደረባ ማርሴለስ ቤሪ በ1891 የመንገደኞችን ቼክ አዘጋጁ። መንገደኛው ቼኩን ሲገዛ አንድ ጊዜ፣ ሲመነዝር ደግሞ ሌላ ጊዜ ይፈርማል፤ ሁለቱ ፊርማዎች ከተመሳሰሉ ይከፈለዋል፤ ቼኩ ቢጠፋበትም ይተካለታል።

ጥቅሙ ለመንገደኛው ብቻ አልነበረም። ቼኩ የሚገዛው ከጉዞው በፊት ነው፤ የሚመነዘረው ግን ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ነው። በመካከሉ ገንዘቡ በኩባንያው እጅ ይቆያል፤ ኩባንያውም ወለድ በማይከፍልበት ገንዘብ እየሠራ ያተርፋል። በባንክ ሥራ ላይ ላለ ሰው ይህ ምሥጢር አይደለም። ከዚያ ወዲህ ለመንገደኛው ተብሎ የወጣው አገልግሎት ሁሉ ይህንኑ መልክ እንደ ያዘ ነው፤ ምቾቱ ከፊት ይታያል፤ ትርፉ ከበስተኋላ ይሠራል።

በ1930ዎቹ አጋማሽ የአሜሪካ አየር መንገዶች ደንበኛው አስቀድሞ ተጉዞ ኋላ የሚከፍልበትን «ኤር ትራቭል ካርድ» አወጡ። በ1950 ደግሞ ፍራንክ ማክናማራ ከሸሪኮቻቸው ጋር ዳይነርስ ክለብን በኒው ዮርክ አቋቋሙ። ካርዱ በመጀመሪያ ከካርቶን የተሠራ ሲሆን፣ የሚያገለግለውም በጥቂት ምግብ ቤቶች ነበር። ኩባንያው ለምግብ ቤቱ የሚከፍለው ከሒሳቡ 7 በመቶ ቀንሶ ነው። ይህ 7 በመቶ በታሪኩ ውስጥ ከፍ ያለ ስፍራ አለው፤ ዛሬ ሽልማት እየተባለ የሚታደለው ጥቅም በአብዛኛው የሚቀዳው ነጋዴው ከሚከፍለው ከዚህ ዓይነቱ ኮሚሽን ነውና።

በ1958 ሁለት ካርዶች በአንድ ዓመት ወጡ። ባንክ ኦፍ አሜሪካ በካሊፎርኒያ ፍሬዝኖ ከተማ 60,000 ካርዶችን ላልጠየቁ ነዋሪዎች በፖስታ ላከ፤ ይህም ካርድ በ1976 ቪዛ የሚለውን ስም ያዘ። አሜሪካን ኤክስፕረስ ደግሞ በዓመት 6 ዶላር የሚከፈልበትን የራሱን ካርድ አወጣ። የሁለቱ ልዩነት መሠረታዊ ነበር። የአሜሪካን ኤክስፕረሱ ባለካርድ የወሩን ሒሳብ በሙሉ መክፈል ይገደዳል፤ የባንኩ ባለካርድ ግን ጥቂቱን ከፍሎ ቀሪውን ከነወለዱ ወደሚመጣው ወር ማሻገር ይችላል። የመጀመሪያው መክፈያ ነው፤ ሁለተኛው መክፈያም ብድርም ነው። ከሰባ ዓመት ገደማ በኋላም ቢሆን ካርድ የሚመርጥ ሰው አስቀድሞ ሊለየው የሚገባው ይህንኑ ነው።

የማይል መወለድ

እስከ 1978 ድረስ በአሜሪካ አየር መንገዶች የሚበሩበትን መስመርና የሚያስከፍሉትን ዋጋ የሚወስነው የመንግሥት ቦርድ ነበር። ጥቅምት 24 ቀን 1978 ፕሬዚዳንት ካርተር የፈረሙት ሕግ ይህን ቁጥጥር አነሣ። ዋጋ መቀነስ ሲፈቀድ ደንበኛ ከአንዱ ወደ ሌላው መሸጋገር ጀመረ፤ ኩባንያዎቹም ደንበኛን አስሮ የሚያቆይ ዘዴ መፈለግ ግድ ሆነባቸው። አሜሪካን ኤርላይንስ ቲኬት በሚመዘግብበት ኮምፒዩተር ውስጥ በተደጋጋሚ የሚታዩትን የስልክ ቁጥሮች ለቅሞ ዘወትር ተጓዦቹን ለየ፤ ግንቦት 1 ቀን 1981 ለእነዚሁ «ኤአድቫንቴጅ» የተባለውን ፕሮግራም ከፈተ። ተጓዡ የበረረው ርቀት በማይል እየተቆጠረ ይመዘገብለታል፤ ማይሉ ሲበዛ በነጻ ቲኬት ይለወጥለታል። ዩናይትድም ወዲያውኑ ተከተለ።

ማይል ከበረራ ጋር የነበረው ግንኙነት ግን ብዙ አልቆየም። በ1987 ሲቲባንክ ከአሜሪካን ኤርላይንስ ጋር ተዋውሎ ለአንድ ዶላር ወጪ አንድ ማይል የሚሰጥ ካርድ አወጣ። ባንኩ ማይሉን ከአየር መንገዱ በጥሬ ገንዘብ ይገዛል፤ ለባለካርዱም ያድላል። ከዚህ በኋላ ሰው አውሮፕላን ሳይሳፈር፣ አስቤዛ በመግዛት ብቻ፣ የበረራ ማይል ማጠራቀም ቻለ። አየር መንገዱም ወንበር ከመሸጥ ሌላ ማይል መሸጥ የሚባል ሁለተኛ ንግድ አገኘ።

የዚህ ንግድ ስፋት ጎልቶ የታየው በወረርሽኙ ዘመን ነው። በ2020 አውሮፕላኖች በየሜዳው ቆመው ሳለ ዩናይትድ የማይል ፕሮግራሙን እንደ ቤት ካርታ በመያዣነት አቅርቦ 6.8 ቢሊዮን ዶላር፣ ዴልታ ደግሞ በተመሳሳይ መንገድ 9 ቢሊዮን ዶላር ተበደሩ። በረራው ቢቆምም የማይሉ ገበያ በአበዳሪዎች ዘንድ ታምኖ ነበር።

ማይል የማን ሀብት ነው?

በሒሳብ ባለሙያ ዓይን ማይል የኩባንያው ዕዳ ነው። በ2007 የወጣው ዓለም አቀፍ የሒሳብ አያያዝ መመሪያ፣ ኩባንያው ከቲኬት ሽያጭ ካገኘው ገቢ ለማይሉ የሚገባውን ድርሻ ደንበኛው እስኪጠቀምበት ድረስ እንዲያቆይ አዘዘ፤ ከ2018 ጀምሮ ይህን የተካው ደረጃም በዚሁ አሠራር ቀጠለ። ነገር ግን ይህ ዕዳ ከሌላው ይለያል፤ ባለዕዳው ራሱ የዕዳውን ዋጋ መለወጥ ይችላልና።

ጉዳዩ ሁለት ጊዜ በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ታይቷል። በ1988 አሜሪካን ኤርላይንስ ቀደም ብሎ በተጠራቀመ ማይል ላይ የወንበርና የቀን ገደብ በጣለ ጊዜ አባላቱ ከሰሱት። ፍርድ ቤቱ በ1995 በሰጠው ውሳኔ፣ በክፍለ ግዛት የሸማቾች ጥበቃ ሕግ የቀረበውን ክስ የ1978ቱ ሕግ እንደሚያግደው ገለጸ፤ ውል ፈርሷል የሚለው ክስ ግን ሊቀጥል እንደሚችል አስታወቀ። በ2014 ደግሞ ኖርዝዌስት አየር መንገድ ከአባልነት የሰረዘው አንድ ደንበኛ ኩባንያው በቅን ልቦና አልሠራም ብሎ ያቀረበውን አቤቱታ በዚያው ሕግ መሠረት ሳይቀበለው ቀረ። እንግዲህ ማይል እንዲወለድ ምክንያት የሆነው ሕግ ለኩባንያዎቹም ጋሻ ሆነ ማለት ነው። ለባለማይሉ የቀረለት የውሉ ቃል ነው፤ ውሉን የሚጽፈው ደግሞ ኩባንያው ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ይህንኑ ያረጋግጣል። ዴልታ በ2015 ለየመንገዱ ስንት ማይል እንደሚጠየቅ የሚያሳየውን ሠንጠረዥ ከሕዝብ ዓይን አነሣ፤ ዩናይትድም በ2019 ተከተለ። ባለማይሉ የሰበሰበው ነገር ነገ ምን እንደሚገዛለት አስቀድሞ የሚያውቅበት መንገድ ጠበበ።

ሽልማቱን የሚከፍለው ማን ነው?

ነጋዴ ለካርድ የሚከፍለውን ኮሚሽን በዕቃው ዋጋ ላይ ያክላል። ዋጋው ግን በካርድ ለሚከፍለውም ሆነ በጥሬ ገንዘብ ለሚከፍለው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። በ2010 የቦስተን ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ ተመራማሪዎች ባቀረቡት ስሌት፣ በጥሬ ገንዘብ የሚገበይ አንድ ቤተሰብ በአማካይ በዓመት 149 ዶላር ለካርድ ተጠቃሚዎች ያስተላልፋል፤ አንድ ካርድ ተጠቃሚ ቤተሰብ ደግሞ 1,133 ዶላር ይቀበላል። በዚህም ድኻው የባለጠጋውን ቲኬት ይደጉማል ማለት ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ባንኮች በክሬዲት ካርድ ከነጋዴ ወገን የሚቀበሉትን ክፍያ በ0.3 በመቶ ወሰነው፤ ከዚህም የተነሣ በአውሮፓ የካርድ ሽልማት እንደ አሜሪካው የሰባ አይደለም። አሜሪካ በ2010 ያወጣችው ገደብ የዴቢት ካርድን እንጂ የክሬዲት ካርድን አይነካም።

ሁለተኛው ከፋይ ዕዳውን ከወር ወደ ወር የሚያሻግረው ባለካርድ ነው። በ2024 በአሜሪካ የክሬዲት ካርድ አማካይ ወለድ በዓመት ከ20 በመቶ በላይ ነበር። 3,000 ዶላር አውጥቶ 3,000 ማይል ያገኘ ሰው፣ አንዱ ማይል አንድ ሳንቲም ያወጣል ቢባል፣ ያገኘው 30 ዶላር ነው። ያንኑ ዕዳ ዓመት ሙሉ ቢያሳድረው በ20 በመቶ ሒሳብ የሚከፍለው ወለድ 600 ዶላር ይደርሳል። ለእንዲህ ያለው ሰው የሚበጀው ሽልማት የሌለው፣ ወለዱ ዝቅተኛ የሆነ ካርድ ነው። በ1988 የወጣው ሕግ ወለዱና ክፍያው በማመልከቻው ላይ በሠንጠረዥ እንዲቀመጥ ያስገደደው ይህ እንዳይሰወር ነው፤ ምርጫውም ከማስታወቂያው ሳይሆን ከዚህ ሠንጠረዥ ሊጀምር ይገባል።

የታሪኩ ትምህርት ለመራጭ

ሒሳቡን በየወሩ አጠናቆ የሚከፍል ሰው ሦስት ነገሮችን ሊመዝን ይገባዋል።

አንደኛው ዓመታዊው ክፍያ ነው። 95 ዶላር የሚያስከፍል ካርድ፣ በአንድ ሳንቲም ሒሳብ፣ ክፍያውን ለመመለስ ብቻ 9,500 ማይል ይጠይቃል። ይህም ቋሚ አይደለም፤ ቼዝ ባንክ በ2016 በ450 ዶላር ያወጣው ዕውቅ የጉዞ ካርድ በ2025 ክፍያው 795 ዶላር ደርሷል።

ሁለተኛው ማይሉ የሚያደርስበት አገር ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 2011 የስታር አላያንስ አባል ከሆነ ወዲህ በዩናይትድ ፕሮግራም የተጠራቀመ ማይል ወደ አዲስ አበባ በሚበረው የኢትዮጵያ አውሮፕላን ሊያሳፍር ይችላል፤ ዴልታና አሜሪካን ግን የሌላ ማኅበር አባላት ናቸው። በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖርና ቤተ ዘመዱን ለመጠየቅ የሚመላለስ ኢትዮጵያዊ፣ ስጦታው የበዛውን ካርድ ከመያዙ በፊት ይህን ቢጠይቅ ከብዙ ጸጸት ይድናል። ብዙ ካርዶች በውጭ አገር በሚወጣ ገንዘብ ላይ የሚጨምሩት 3 በመቶም አብሮ ሊታሰብ ይገባል፤ በ2,000 ዶላር ላይ 60 ዶላር ነውና።

ሦስተኛው ጊዜ ነው። ዋጋውን ባለዕዳው የሚወስነው ገንዘብ ለክፉ ቀን ተብሎ አይቀመጥም። ለእናትና ለአባት መጠየቂያ ተብሎ ለዓመታት የተጠራቀመ ማይል በአንድ ማስታወቂያ ዋጋው ሊወርድ ይችላል፤ ያን ጊዜ አቤት የሚባልበት ደጅ ጠባብ መሆኑን የ1995ና የ2014 ውሳኔዎች አሳይተዋል። ስለዚህ ማይል እንደ ተገኘ በቅርቡ ለታሰበው ጉዞ ሊውል እንጂ የቁጠባን ቦታ ሊይዝ አይገባም። ለዘመድ ወዳጅ ምክር የሚጠየቅ የባንክና የሒሳብ ባለሙያም ማይሉን ከመቁጠሩ በፊት የጠያቂውን ያለፉ ወራት የካርድ ሒሳብ ማየት አለበት። ሒሳቡ በየወሩ ተጠናቆ ካልተከፈለ፣ ለዚያ ቤተሰብ ትክክለኛው የጉዞ ካርድ ገና አልተሠራም።