ቆርች የመሰከረለት ድንበር

ዳንግላ ዙሪያ የድሮ ግቢ የት እንደነበር ማወቅ የፈለገ ሰው የቆርች ዛፍ የቆመበትን ይይ። በ1970ዎቹ መጨረሻ በደርጉ የመንደር ምሥረታ ጊዜ አባቴ ቤታቸውን አፍርሰው ሲወርዱ ቋሚውንም ማገሩንም ተሸክመው ሄዱ። ቆርቹን ማን ይነቅለዋል? ቅርንጫፉን ብቻ ቆርጠው ወሰዱ፤ እሱም በአዲሱ መንደር አጥር ሆነ። ከ1982ቱ የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ በኋላ ወደ ቀድሞው ቦታ ሲመለሱ ግቢው ታርሶ ቆያቸው። የተረፈው የቆርቹ ተርታ ነበር። ጎረቤት በድንበሩ ቢከራከርም ሽማግሌዎቹ ዛፉን አይተው ፈረዱ።

አተካከሉ ቀላል ይመስላል። ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ ሳይጠና፣ ክንድ የሚያህል ቅርንጫፍ በሰው ቁመት ይቆረጣል። ላዩ ውሃ እንዳያቁር ሰያፍ፣ ታቹ ደግሞ ቀጥ ተደርጎ፤ እንዲህ ከሆነ ማንም ዘቅዝቆ አይተክለውም። ቁስሉ እስኪጠግ ጥቂት ቀን ጥላ ሥር ይጋደማል፤ እንደረጠበ የተተከለ ይበሰብሳል። ጉድጓድ ይቆፈርለታል እንጂ እንደ ችካል አይቀጠቀጥም፣ ልጡ ይላጣልና። ቅጠል አወጣ ብሎ የሚደሰት ጀማሪ ነው፦ ግንዱ በያዘው ስንቅ ያለ ሥርም ያቆጠቁጣል። አባቴ ክረምቱ እስኪወጣ ከብት እንዳይታከከው ይጠብቁት ነበር።

የዛፉ የሳይንስ ስም ግን ከሌላ ሰው የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1770 ተጓዡ ጀምስ ብሩስ ዓባይን ፍለጋ ወደ አገው ምድር መጣ። ቋራ ያለውን የቆርች ዘመድ በመጽሐፉ አስፍሯል፤ ቀይ ፍሬው ወርቅ እንደሚመዘንበትም ጽፏል። ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የማይበቅለው የደጋው ቆርች ኋላ በሊቃውንቱ ኤሪትሪና ብሩሲ ተባለ። የተከሉት አያቶቻችን፣ ስሙ የእንግዳ!

በቅርብ ዓመታት ፋግታ ለኮማ ወረዳን ያለበሰው የዲከረንስ ዛፍ ግን ከዘር የሚፈላ ነው። ከሰል ሆኖ ብዙ ቤት አቁሟል፣ አልነቅፈውም። ግን በጥቂት ዓመት ተቆርጦ የሚሸጥ ዛፍ ለድንበር ምስክር አይሆንም። የቆርች እንጨት ለስላሳና ቀላል ስለሆነ ለከሰልም ለማገዶም አይረባም፤ ዕድሜውን ያረዘመለትም ይኸው ነው። በዚያ ላይ እንደ ባቄላ በሥሩ መሬቱን ያዳብራል።

አሁን አጥሩ ሁሉ ቆርቆሮና ሽቦ እየሆነ ነው። በእንጅባራም በዳንግላም ግቢ የምታጥሩ ወገኖቼ፣ ለቆርቆሮ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ግንቦት ላይ ከጎረቤት ቅርንጫፍ ለምኑ። የሚከለክላችሁ የለም።