ተከዜን የወረዱና ተከዜን የተሻገሩ



የዛሬው ርዕሴ በኢትዮጵያ ወንዞች ላይ የተደረጉት የጎማ ጀልባ ጉዞዎች ታሪክ ነው፤ ይልቁንም በተከዜ ላይ የተደረገው። ጉዞዎቹን የመዘገቡት አብዛኛውን ጊዜ የውጭ አገር ሰዎች በመሆናቸው ዓመቶቹን በእነርሱው አቆጣጠር እጠራለሁ።

ተወልጄ ያደግሁት በጃናሞራ ነው። በልጅነቴ ወንዝ የሚታወቀው መንገድ በመቁረጡ ነበር። ክረምት ሲገባ ከማዶ ያለ ዘመድ ይርቃል፤ ለቅሶ ሳይደረስ ይቀራል፤ ወደ ገበያ የወጣ ሰው ውሃው እስኪጎድል ዳር ላይ ያድራል። በዚህ ጊዜ የሚፈለጉት አሻጋሪዎች ነበሩ። አንዱ አጎቴ ነው። አጎቴ ወደ ውሃው ከመግባቱ በፊት ብዙ ይቆማል። የውሃውን ቀለም ያያል፤ ከሥር የሚንከባለለውን የድንጋይ ድምፅ ያዳምጣል፤ ሙላቱ ግንድ ይዞ እንደሆነ ወደ ላይ ይመለከታል። ከዚያም ዱላውን እየተከለ፣ መንገደኛውን በክንዱ ይዞ፣ ውሃውን በሰያፍ ይቆርጣል። ፊት ለፊት የገጠመውን ሰው ውሃው እንደሚወስደው ያውቃል።

ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ የታሪክ ተማሪ ሆኜ፣ ስለ ተከዜ በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ መጽሐፍ አገኘሁ። ደራሲው አሜሪካዊው ሪቻርድ ባንግስ ነው፤ መጽሐፉ የታተመው በ1999 ሲሆን ርዕሱ «የጠፋው ወንዝ» የሚል ነው። ርዕሱ የደራሲውን የግል ሐዘንም ይዟል፤ ባንግስ በኢትዮጵያ ወንዝ ላይ ጓደኛውን አጥቷልና። ይሁን እንጂ መጽሐፉን በያዝሁበት ሰዓት አንድ ጥያቄ ያዘኝ፤ እስከ ዛሬም አልለቀቀኝም። ተከዜ የጠፋው ለማን ነው?

ለጥያቄው መልስ ከመፈለግ በፊት ወንዙን ራሱን እንይ። ተከዜ ከላስታ ተራሮች ይነሣል። መጀመሪያ ወደ ምዕራብ ይፈስሳል፤ ከዚያም ወደ ሰሜን ታጥፎ የስሜንን ተራሮች በምሥራቅና በሰሜን ይከብባቸዋል። ከራስ ደጀንና ከቧሂት ግርጌ የሚወርደው ውሃ፣ በጃናሞራ በኩል የሚያልፈው መሸሃም ጭምር፣ መጨረሻው ተከዜ ነው። በአንድ በኩል ከ4,500 ሜትር በላይ የሚቆም ተራራ፣ በሌላ በኩል በአንዳንድ ሥፍራ ከ2,000 ሜትር በላይ የሚጠልቅ ሸለቆ አለ። ወንዙ ሱዳን ሲገባ ሰቲት ተብሎ ከአትባራ ጋር ይቀላቀላል፤ በአትባራም በኩል ናይል ይደርሳል።

የዚህ ውሃ ኃይል በሩቅ አገርም ይታወቅ ነበር። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር በሰኔ 1861 በአትባራ ዳር ሰፍሮ ሳለ ወንዙ ደርቆ አሸዋ ብቻ ነበር። አንድ ሌሊት የሩቅ ነጎድጓድ የሚመስል ድምፅ ተሰማ፤ ሲነጋ በደረቁ አሸዋ ላይ ታላቅ ወንዝ ይፈስስ ነበር። ሙላቱ የመጣው ከእኛ ደጋ ነው። ቤከር ከዚህ ተነሥቶ የግብፅን ለም አፈር የሚያወርዱት የኢትዮጵያ ወንዞች መሆናቸውን ጻፈ። የጃናሞራ ገበሬ ግን አፈሩ ከማሳው ሲሄድ በየክረምቱ በዓይኑ ያይ ነበር።

ተከዜ በመንግሥታት ታሪክም ውስጥ የተሻጋሪዎች ወንዝ ነው። ጄምስ ብሩስ በ1770 ከምጽዋ ተነሥቶ ወደ ጎንደር ሲመጣ ተከዜን ተሻግሮ ልማሊሞን ወጥቷል። መንገዱን የከፈተው እርሱ አይደለም። ከእርሱ በፊት ለዘመናት ነጋዴው፣ መነኩሴውና ወታደሩ የሄዱበት መንገድ ነው። ደጃዝማች ውቤ ስሜንንና ትግራይን አንድ ላይ ሲገዙ ግዛታቸው በዚህ ወንዝ ግራና ቀኝ የተዘረጋ ነበር። ያ አገዛዝ በ1855፣ በእኛ አቆጣጠር በ1847 ዓ.ም.፣ በደረስጌ ጦርነት ሲያበቃ ካሣ ኃይሉ በዚያው በደረስጌ ማርያም ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ይህ የሆነው ውቤ ራሳቸው ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን ነው። ወንዙን ተሻግሮ መግዛት የሚቻለው መሻገሪያዎቹንና አሻጋሪዎቹን በማወቅ ነበር።

አሁን ወደ ጀልባዎቹ እንምጣ። የኢትዮጵያን ወንዞች በጀልባ ለመውረድ የተደረገው ሙከራ የተጀመረው በዐባይ ነው። በ1903 ደብሊው ኤን ማክሚላን የተባለ አሜሪካዊ ባለሀብት የብረት ጀልባዎች አስመጥቶ ወደ ሸለቆው ገባ፤ ጀልባዎቹ ብዙም ሳይጓዙ ተሰባበሩ። በዳንግላ የብሪታንያ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን ደግሞ በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ የዐባይን ሸለቆ ያጠናው በበቅሎና በእግሩ ነው፤ ያገኘውንም በ1936 በመጽሐፍ አወጣ። ብረቱ ያልቻለውን በቅሎ ቻለው ማለት ነው።

በ1968 በካፒቴን ጆን ብላሽፎርድ ስኔል የሚመራ ታላቅ የዘመቻ ቡድን፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፈቃድ፣ ዐባይን በጎማ ጀልባ ወረደ። ብሪታንያውያንና ኢትዮጵያውያን አብረው ነበሩ፤ ከላይ አውሮፕላን ያግዛቸው ነበር። ጉዞው የተካሄደው በክረምቱ ሙላት ነው፤ አንድ ወታደር ሰጥሞ ሞተ፤ ቡድኑ በሽፍቶችም ተተኮሰበት። በ1972 ወጣት ብሪታንያውያን በካያክ ተከተሉ። በ1973 ባንግስና ጓደኞቹ ኦሞን ወረዱ፤ በግብፃውያን የአዞ አምላክ ስም «ሶቤክ» ብለው የሰየሙት የጉዞ ድርጅት የተወለደው ከዚያ ነው። በ2004 ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን በዐባይ ተነሥተው ከ5,200 ኪሎ ሜትር በላይ በመጓዝ በ114ኛው ቀን አሌክሳንድርያ ደረሱ።

የተከዜ ተራ የደረሰው በ1996 ነው። ባንግስና ባልደረቦቹ ማንም በጀልባ ወርዶት የማያውቅ ያሉትን ሸለቆ በጎማ ጀልባ ወረዱ። ጉዞው በሌላም ነገር ይታወሳል፤ ማይክሮሶፍት «ሙንጎ ፓርክ» በሚል ስም ያወጣው በነበረ የኢንተርኔት መጽሔት፣ የቀኑ ውሎ ከወንዙ ዳር በሳተላይት እየተላከ ይነበብ ነበር። እንግዲህ በዚያ ዓመት ተከዜ ዳር ያለ እረኛ ስልክ ሳያይ፣ ሲያትል የተቀመጠ አንባቢ የተከዜን ሙላት በየዕለቱ ይከታተል ነበር።

የእነዚህን ሰዎች ድፍረት ማቃለል አልፈልግም። ጽሑፋቸውም ለታሪክ ተመራማሪ ዋጋ አለው። የጎማ ጀልባ መሪ ምን እንደሚማር ሳጠና ግን አጎቴን አገኘሁት። መሪው አስጊ ፍሰት ሲያጋጥመው ከጀልባው ወርዶ ዳር ላይ ቆሞ ውሃውን ያነብባል። የተደበቀውን ድንጋይ ከውሃው ጀርባ ያውቃል። ለመሻገር ሲፈልግ ጀልባውን በሰያፍ አዙሮ ይቀዝፋል። ዕውቀቱ አንድ ነው። የአንደኛው ዕውቀት «የመጀመሪያ ጉዞ» ተብሎ ተጻፈ፤ የሌላኛው ዕውቀት ስም ሳይወጣለት ቀረ።

እዚህ ላይ ከተራራው ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከገቡት የመጀመሪያ አሥራ ሁለት ሥፍራዎች አንዱ ነው። ወደ ተራራው የሚወጣ እንግዳ ደባርቅ ላይ ይመዘገባል፤ ጠብመንጃ የያዘ ስካውት ይመደብለታል፤ አስጎብኚ፣ ምግብ አብሳይ፣ ባለ በቅሎ ይከተሉታል። ጭነቱን የሚያወጣለት ገበሬው እህሉን ወደ ገበያ የሚጭንበት ያው በቅሎ ነው። ይህ ሥርዓት እንከን የለውም አልልም። በ2016 የግጭ መንደር ነዋሪዎች ከፓርኩ ወጥተው በደባርቅ አካባቢ ሰፍረዋል፤ የሚቀጥለው ዓመት ፓርኩ ከአደጋ መዝገብ ሲሠረዝ የዓለም ደስታና የእነርሱ ናፍቆት አብረው ነበሩ። ሆኖም በተራራው ላይ እንግዳው ያለ አገሬው ሰው አንድ እርምጃ አይሄድም። በወንዙ ላይ ግን እንግዳው ጀልባውን፣ መቅዘፊያውን፣ ምግቡን፣ መሪውን ይዞ ይመጣል። ከአገሬው የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፤ ስለዚህም የሚተወው ጥቂት ነው።

ሌላ መንገድ እንዳለ ከሩቅ ደሴት ማየት ይቻላል። በጃማይካ፣ በፖርትላንድ አውራጃ በሚገኘው ሪዮ ግራንዴ ወንዝ ላይ፣ ገበሬዎች ሙዛቸውን ከተራራ ወደ ወደብ የሚያወርዱት በቀርከሃ ታንኳ ነበር። የሙዝ ንግዱ ሲለወጥ፣ የፊልም ተዋናዩ ኤሮል ፍሊን እንግዶቹን በእነዚያው ታንኳዎች ማንሸራሸሩ እንግዶችን እንደ ሳበ ይነገራል። ዛሬ በመርከብ ደሴቲቱን የሚጎበኙ መንገደኞች ለጥቂት ሰዓታት ወርደው በቀርከሃ ታንኳ ይሄዳሉ፤ ታንኳውን በረጅም ዘንግ የሚገፋው የአገሩ ሰው ነው፤ መጠሪያውም «ካፒቴን» ነው። የደሴቲቱ ታሪክ የባርነትና የእርሻ መከራ ታሪክ መሆኑን አልዘነጋሁም። ነገር ግን ሙዝ ያወርድ የነበረው ሰው ዕውቀት እዚያ ሳይናቅ መተዳደሪያ ሆኖ ተሸጋግሯል። የእኛ በቅሎ በስሜን ያገኘውን ክብር የእነርሱ ቀርከሃ በሪዮ ግራንዴ አገኘ።

በተከዜ ይህ ሊሆን ይችል ነበር ወይ? ጊዜው አጭር ነበር። በ2009 የተከዜ ግድብ ተጠናቀቀ፤ ከፍታው 188 ሜትር፣ የኃይል ማመንጨት አቅሙ 300 ሜጋ ዋት ነው። ጀልባዎቹ የወረዱበት ሸለቆ በከፊል ሐይቅ ሆነ። በኦሞም በ2016 የተመረቀው ጊቤ 3፣ ከፍታው 243 ሜትር የሆነው፣ ረጅም የሸለቆ ክፍል በውሃ ሸፈነ። መብራት የሚያስፈልገው አገር ነን፤ ግድቦቹን ለጀልባ ብዬ አልነቅፍም። በተከዜ ሐይቅ ዙሪያም የዋግና የትግራይ ወጣቶች ዓሣ አስጋሪ ሆነዋል፤ አያቶቻቸው ያልነበራቸውን ሙያ ጀምረዋል። ከ2020 ወዲህ ደግሞ ወረርሽኙና ጦርነቱ እንግዳን ከተራራውም ከወንዙም አርቀውታል፤ ደባርቅ ላይ ባለ በቅሎው ያለ ሥራ የተቀመጠባቸውን ወራት ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ።

እንግዳ አንድ ቀን ይመለሳል ብዬ አምናለሁ። ጀልባም ይመጣል፤ ለሐይቁም ይሁን ለገባሮቹ። ያን ጊዜ የሚደረገው ውል አሁን በምንጽፈው ታሪክ ይወሰናል። ወንዙ «ጠፍቶ የተገኘ» ነው ካልን ባለመብቱ ያገኘው ነው። ሲሻገሩት የኖሩ ሰዎች እንደ ነበሩ፣ በየትኛው መሻገሪያ፣ በየትኛው ወር፣ በምን ዘዴ እንደ ተሻገሩ ጽፈን ካቆየን ግን፣ ልጆቻቸው ወደ ውሉ ጠረጴዛ የሚመጡት ባለ ዕውቀት ሆነው ነው። የባለ በቅሎውን ድርሻ ለደባርቅ ያስገኘው፣ እንግዳው ያለ እርሱ መሄድ አለመቻሉ ነውና።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። ስለ ተከዜ በጻፍኋቸው ጽሑፎች የባንግስን፣ የብላሽፎርድ ስኔልንና የቺዝማንን ሥራዎች ደጋግሜ ጠቅሻለሁ። በየዓመቱ ለበዓል አገር ቤት እገባለሁ፤ አጎቴም ከምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ይጠብቀኝ ነበር። ስለ ወንዙ አንድም ጥያቄ አልጠየቅሁትም፤ ታሪክ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያለ ይመስለኝ ነበርና። በኋላ ድልድይ ተሠራ፤ አሻጋሪ የሚፈልግ ጠፋ፤ አጎቴም አረፈ። ስንት ሰው እንዳሻገረ፣ በእጁ ያመለጠው ሰው ነበረ እንደሆን፣ ውሃውን ማን እንዳስተማረው አላውቅም። ያ ዕውቀት ለእኔ ጠፍቷል። የጥያቄዬን መልስ ያገኘሁት እንዲህ ነው፤ ወንዙን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ለተማሪዎች የምለው አጭር ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የምትፈልጉ ከሆነ ወደ ቆላው ውረዱ። መሸሃን፣ ዛሪማን፣ ተከዜን የተሻገሩ ሽማግሌዎች ገና አሉ። የመሻገሪያዎቹን ስም መዝግቡ፤ ድምፃቸውን ቅረጹ፤ ማን ማንን እንዳሻገረ ጠይቁ። ድልድዩ ካለ ማን ያስታውሰዋል አትበሉ፤ ዘንድሮ ያልተጠየቀ ሽማግሌ ለከርሞ ላይገኝ ይችላል።