የእባብ ንድፊያ በውሻ ላይ

መርዛም እባብ ውሻን ሲነድፍ የሚደርስ ጉዳት። ከአዳማ ወጣ ብላ በአዋሽ ዳር በምትገኘው ሶደሬና በመሰል የስምጥ ሸለቆ ቆላዎች በይበልጥ የሚያሰጋው እፉኝት ነው፤ ሲቀርቡት ከመሸሽ ይልቅ ከደረቅ ቅጠል ጋር ተመሳስሎ ይተኛል። ውሻ ደግሞ ሳያሸት አያልፍም፤ ስለዚህ ንድፊያው ብዙውን ጊዜ አፍንጫው ወይም የፊት እግሩ ላይ ያርፋል። የእፉኝት መርዝ ሥጋን ይገድላል፤ ቦታው ያብጣል፣ ይደማል። መርዝ ተፊ ኮብራ ዓይኑ ላይ ከረጨበት በብዙ ንጹሕ ውኃ ማጠብ ይገባል። መብጣት፣ መምጠጥና ጠፍሮ ማሰር ይጎዳሉ እንጂ አይፈውሱም፤ መርዝ ይመጣል ተብሎ ቁስሉ ላይ የሚለጠፈው፣ ብዙ የሚታመንበት ጥቁር ድንጋይም ጥቅም የለውም። የመርዝ ማርከሻ መድኃኒት ለሰው እንኳ እንደ ልብ አይገኝም። የዓለም ጤና ድርጅት የእባብ ንድፊያን ችላ ከተባሉ የቆላ በሽታዎች ተርታ ያስገባው በ2009 ዓ.ም. ነው። የተነደፈ ውሻ አይሩጥ፤ ተሸክመው ሳይዘገዩ ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዱት።