መቀስና ሙጫ

ሳቢያን ውስጥ፣ በቆርቆሮ ክዳን ሥር በተከፈተች አንዲት ቪዲዮ ቤት ያደግን የድሬዳዋ ልጆች፣ ትዕይንት ከፊልም ውስጥ እንደሚቆረጥ ያወቅነው ምክንያቱን ከማወቃችን እጅግ ቀደም ብለን ነው። የከሰዓቱ ፀሐይ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ወደ ጥላ ሲሰበስብ፣ እኛ በእንጨት አግዳሚ ላይ ተጠጋግተን ከአንዲት ቴሌቪዥን ፊት እንቀመጥ ነበር። የቤቱ ባለቤት ሪሞቱን እንደ በትረ መንግሥት ይዞ በሩ አጠገብ ይቆማል። ጀግናው ፊቱን ወደ ወዳጁ ማስጠጋት ሲጀምር ምስሉ ይሮጣል፤ ሰዎቹ እንደ ጉንዳን ይራወጣሉ። ሩጫው ሲቆም ጀግናው ቆስሎ ጫካ ውስጥ ነው። ማን መታው? ሴቲቱስ የት ሄደች? ቋንቋውን አናውቅም፤ ታሪኩን የምንከተለው በዓይናችን ብቻ ነበርና ምስሉ ሲዘለል ነገሩ ሁሉ ይዘለልብናል። «ጋሼ፣ መልሰው!» እንል ነበር፣ አንቱታ በማይሆንለት የድሬ አንደበታችን። እርሱም ፊቱን ሳያዞር «ለእናንተው ብዬ ነው» ይለናል።

ይህችን ዓረፍተ ነገር ልብ በሉልኝ። በፊልም ታሪክ ውስጥ መቀስ ያነሳ ሰው ሁሉ፣ በየቋንቋው፣ ሲናገራት የኖረው እርሷን ነው።

በሴሉሎይድ ዘመን መቁረጥ ማለት በእርግጥም መቁረጥ ነበር። ስፋቱ 35 ሚሊ ሜትር በሆነው ጥቅል ላይ ለእያንዳንዷ ሰከንድ 24 ምስሎች ይደረደራሉ፤ የአንድ ደቂቃ ፊልም ርዝመቱ 90 ጫማ ነው። አርታኢው ጥቅሉን ከመብራት ፊት ዘርግቶ የማይፈልገውን በመቀስ ያወጣል፤ የቀሩትን ሁለት ጫፎች በሙጫ ወይም በፕላስተር ይገጥማል። እንግዲህ ሥራው ሁለት እጅ አለው። አንዱ መቀሱን፣ ሌላው ሙጫውን ይይዛል። ብዙ ጊዜ የምናማርረው መቀሱን ብቻ ነው። ዛሬ ላነሳው የፈለግሁት ታሪክ ግን ሙጫውም ከመቀሱ ያላነሰ ኃይል እንዳለው የሚያሳይ ነው።

አስቀድመን መቀሶቹን እንለይ። አንዱ የጥበበኛው መቀስ ነው። ጸሐፊ የወደደውን አንቀጽ ሰርዞ ድርሰቱን እንደሚያድን ሁሉ፣ ፊልም ሠሪም ያማረ ትዕይንቱን ለታሪኩ ሲል ይሠዋል። ጣሊያናዊው ጁሴፔ ቶርናቶሬ የሠራው «ሲኒማ ፓራዲሶ» እ.ኤ.አ. በ1988 አገሩ ውስጥ ሲወጣ 155 ደቂቃ ነበር፤ ተመልካች አላገኘም። ወደ 124 ደቂቃ ካጠረ በኋላ ግን ዓለም ተቀበለው፤ በውጭ ቋንቋ ፊልም ዘርፍ ኦስካር አገኘ። የሚገርመው የፊልሙ ታሪክ ራሱ ስለ መቁረጥ መሆኑ ነው። በአንዲት የሲሲሊ መንደር ቄሱ ፊልሙን ከሕዝቡ ቀድመው ለብቻቸው ያያሉ፤ መሳሳም በመጣ ቁጥር ደወል ይደውላሉ፤ የማሳያ ክፍሉ ሠራተኛም ያንን ቦታ እየቆረጠ ያወጣል። የሳቢያኑ ሰውዬ ዘመድ እዚያም ነበረው ማለት ነው።

ሁለተኛው የነጋዴው መቀስ ነው። ኦርሰን ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1942 «ታላላቆቹ አምበርሰኖች» የተሰኘውን ፊልሙን ቀርጾ ወደ ብራዚል ለሌላ ሥራ በሄደበት፣ አሠሪው የፊልም ኩባንያ ከ40 ደቂቃ በላይ ቆርጦ መጨረሻውን በሌላ አስቀየረው። የተቆረጠው እንዳይመለስ ሆኖ ጠፋ። ሦስተኛው የጨዋነት መቀስ ነው። የሆሊዉድ ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. ከ1934 ጀምሮ በጥብቅ ያስከበሩት የሥነ ምግባር ደንብ እስከ 1968 ድረስ የመሳሳምን፣ የመኝታንና የወንጀልን ትዕይንት ሲመጥን ኖሯል። የህንድ ፊልሞችም በአገራቸው የሳንሱር ቦርድ እጅ አልፈው ስለሚመጡ ለሳቢያኑ ሰውዬ ሪሞት ብዙም ሥራ አይሰጡትም ነበር። በመሳሳም ፈንታ ሁለት አበቦች በነፋስ ሲነካኩ እናያለን፤ ዝናብ ይዘንባል፤ ዘፈን ይጀመራል። እኛም ገብቶናል።

አራተኛው የገዢው መቀስ ነው። ይህኛው በእኛ አገር ረጅም ታሪክ አለው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን መጽሐፉም፣ ጋዜጣውም፣ ቴአትሩም በሳንሱር እጅ ያልፉ ነበር። የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» የታገደው በዚያ ዘመን ነው። ቴሌቪዥን ወደ አገራችን ሲገባ ግን የተለየ ችግር ይዞ መጣ። ቅኔ የለመደ ደራሲ ወርቁን ከሰሙ ሥር ሊቀብር ይችላል፤ የራበው ሰው ምስል ግን ሰም የለውም፤ ሁሉም ወርቅ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ምስል ለመቁረጥ ቀላሉ መንገድ ጭራሹን አለመቅረጽ ሆነ።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። ዕለቱ የንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ነበር። ጣቢያው የተወለደበት ቀን ራሱ ምን ለማሳየት እንደ ተወለደ ይናገራል። ዓመታት አልፈው የወሎ ገበሬ በረሃብ ሲረግፍ፣ በ1965 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መምህራን ከወሎ ያመጡትን ፎቶግራፍ በአዲስ አበባ ግቢያቸው ውስጥ አሳዩ። በአገሪቱ ቴሌቪዥን ላይ ግን ያ ፊት አልነበረም። የወሎ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆረጠ።

ከዚያ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ካሜራውን ይዞ መጣ። «ያልታወቀው ረሃብ» የተሰኘው ፊልሙ ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. በብሪታንያ ቴሌቪዥን ታየ። የውጭው ዓለም ደነገጠ፤ ገንዘብም ተዋጣ። የፊልሙ ዋና ጉዳይ የተራበው ሰው ነበር። የወሎ እናት በለንደን ሳሎኖች ውስጥ ስትታይ በገዛ አገሯ ቴሌቪዥን ላይ ግን ገና አልታየችም።

የታየችው ከአሥራ አንድ ወር በኋላ ነው። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ምሽት፣ ደርግ ያንን ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየ። እንዳለ ግን አላሳየውም። በረሃቡ ምስሎች መካከል የቤተ መንግሥት ግብዣ፣ ሻምፓኝ የሚጠጡ መኳንንት፣ ንጉሠ ነገሥቱም ውሾቻቸውን ሥጋ ሲያበሉ የሚያሳዩ ምስሎች ገብተውበት ነበር። አጥንቱ የቆመ ሕፃን ይታያል፤ ወዲያው የብር ሳህን ይከተላል። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ፊልሙን እንዲያዩ እንደ ተነገራቸው በሰፊው ይወሳል። በማግስቱ መስከረም 2 ቀን ከዙፋናቸው ወርደው በቮልስዋገን መኪና ከቤተ መንግሥታቸው ተወሰዱ።

ሙጫው እንዴት እንደሚሠራ ቀድሞ ያሳየ ሰው ነበር። ሩሲያዊው ሌቭ ኩሌሾቭ ከአብዮቱ በኋላ ባሉት ዓመታት የአንድ ተዋናይ ስሜት የሌለውን ፊት ወስዶ ከሦስት ምስሎች ጋር ቀጠለው፤ ከሾርባ ሳህን፣ በሬሳ ሣጥን ከተኛ ሕፃን፣ ከአንዲት ሴት። ተመልካቹ በዚያው ፊት ላይ በመጀመሪያው ረሃብን፣ በሁለተኛው ሐዘንን፣ በሦስተኛው ፍትወትን አየ። ፊቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ጎረቤቱ ነው። የቅኔ ተማሪ ይህን ከኩሌሾቭ መማር አያስፈልገውም። ሰምና ወርቅ የሚገናኙባት ኅብረ ቃል ማለት ይህችው መጋጠሚያ ናት። ሁለት ነገር ሲገጥም ሦስተኛ ፍቺ ይወለዳል።

በዚያች ምሽት የታየው ሐሰት ነበርን? አልነበረም። ረሃቡ እውነት ነው፤ ግብዣውም እውነት ነው፤ ውሾቹም ሥጋ በልተዋል። መደበቁም እውነት ስለ ነበረ ፍርዱ ከባዶ ሜዳ አልተነሳም። ነገር ግን ሦስተኛው ፍቺ፣ ያ ሳህን ከዚያ ሕፃን አፍ የተነጠቀ ነው የሚለው፣ በየትኛውም ምስል ውስጥ የለም፤ ያለው በመጋጠሚያው ላይ ነው። መጋጠሚያውን የሠራው ደግሞ ሥልጣን ለመያዝ አንድ ሌሊት የቀረው ወገን ነበር። ለተመልካቹም «ለእናንተው ብዬ ነው» ሳይል አልቀረም፤ በከፊልም እውነቱን ነው። ያልተጠየቀው ግን የወሎ ሰው ነው። ሲቆረጥም አልተጠየቀም፤ ሲቀጠልም አልተጠየቀም።

የሙጫው ባለቤት ማንነት የታወቀው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። በ1976 መጨረሻና በ1977 ዓ.ም. መባቻ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመትና የኢሠፓ ምሥረታ በታላቅ ድግስ ተከበረ። ቴሌቪዥናችንም በዚያው ሰሞን ቀለም ለበሰ። ቀይ ባንዲራው ቀይ ሆኖ ታየ። በወሎና በትግራይ ደግሞ ከቀድሞው የከፋ ረሃብ ሰውን እየጨረሰ ነበር። በዓሉ እስኪያልፍ ድረስ የውጭ ጋዜጠኞች ወደ ሰሜን እንዳይሄዱ ተከለከሉ። የመሐመድ አሚን ካሜራና የማይክል በርክ ዘገባ የኮረምን ሜዳ ለዓለም ያሳዩት ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በቢቢሲ ነው፤ በዓሉ ካለፈ ከአርባ ቀን በኋላ መሆኑ ነው። በረሃብ ምስል ዙፋን የገለበጠ መንግሥት የራሱ ተራ ሲደርስ ያንኑ ምስል ፈራው። የወሎ ሰው አንድ ጊዜ ተቆርጦ፣ አንድ ጊዜ ተቀጥሎ፣ እንደ ገና ተቆረጠ። በዚያው በ1976 ዓ.ም. በየካቲት የ«ኦሮማይ» ደራሲ በዓሉ ግርማ እንደ ወጣ ቀረ። መጽሐፉ ከገበያ ቢሰበሰብም ዘመን አልፎ በእጃችን ገባ፤ ደራሲው ግን አልተመለሰም። አንዳንድ መቀስ ከወረቀት አልፎ ይሄዳል።

ከዚህ ሁሉ መካከል አንድ የሚያጽናና ነገር አለ። ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተሰኘውን ጥቁርና ነጭ ፊልሙን የቀረጸው በዚያው እ.ኤ.አ. በ1974፣ አሮጌው ሥርዓት ሲያበቃ፣ አዲሱም ገና ሳይጠና፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ነበር። አንዱ መቀስ ወድቆ ሌላው ገና ሳይሳል እንደ ማለት ነው። የጭሰኛው ፊት በዚያ ፊልም ላይ ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ካሜራው አይቸኩልም፤ የማረሱን ድካም እንደ ድካምነቱ ያሳየናል። ገበሬው ለሌላ ሰው ክስ ማስረጃ ሆኖ አልቀረበም፤ የራሱ ታሪክ ባለቤት ነው። መቀስ ባረፈባት ጠባብ ጊዜ ምን ያህል ነገር ሊታይ እንደሚችል ያ ፊልም ምስክር ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ማንኛውንም ቅድመ ምርመራ ከልክሏል። በጽሑፍ ደረጃ መልካም ነው። ዛሬ ግን ፊልም በጥቅል አይመጣም፤ የተቆረጠው ቁራጭ ከአርታኢው ጠረጴዛ ሥር ወድቆ አይገኝም። መቀሱም ሙጫውም በእያንዳንዳችን ኪስ፣ በስልካችን ውስጥ ገብቷል። የአንዱን ሰው ንግግር ከመሐል ቆርጦ፣ የአንዱን ከተማ ልቅሶ ከሌላው ከተማ ጭፈራ ጋር አጋጥሞ ማሰራጨት የደቂቃ ሥራ ሆኗል። ስለዚህ የ1967ቱ ምሽት ለእኛ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። ምስል ሲቀርብልን «ይህ እውነት ነው?» ብሎ መጠየቅ ጥሩ ነው፤ ግን አይበቃም። «ከምን አጠገብ ተቀመጠ? ማንስ አስቀመጠው? በመካከላቸው የነበረው የት ሄደ?» ብሎ መጨመር ያስፈልጋል።

ያንን ሳቢያን ያየሁትን ፊልም ካደግሁ በኋላ ሙሉውን አገኘሁት። ጋሼ ያስሮጠው ቦታ ሲደርስ ሪሞቱን አስቀምጬ ጠበቅሁ። መሳሳሙ ሁለት ሰከንድ አይሞላም። ከዚያ በኋላ ሴቲቱ ከደረቷ ደብዳቤ አውጥታ ትሰጠዋለች፤ ጀግናው ያነባል፤ ማን ሊገድለው እንደሚፈልግ ያውቃል፤ ወደ ጫካው ይሸሻል። ለካ የታሪኩ ቁልፍ እዚያ ነበር! ጋሼ ደብዳቤውን ሊደብቅብን አልፈለገም፤ መኖሩንም ላያውቅ ይችላል። የፈራው መሳሳሙን ብቻ ነው። መቀስ ግን የፈራውን ብቻ ቆርጦ አያውቅም፤ አጠገቡ ያለውንም ይዞ ይሄዳል።