ከውጫሌ አንቀጽ 17 እስከ «እስማማለሁ»

ከአርዲቦ ሐይቅ ወደ ሰሜን ስትጓዙ፣ የሐይቅን ከተማ አልፋችሁ አምባሰል ውስጥ ውጫሌን ታገኛላችሁ። ምኒልክና የኢጣሊያው መልእክተኛ ኮንት አንቶኔሊ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም የተዋዋሉት እዚህ ነው። ውሉን ሁላችንም በሉዓላዊነት ትምህርት እናውቀዋለን። አንቀጽ 17ን ልብ ብላችሁ ካያችሁት ግን የሚናገረው ስለ ደብዳቤ ነው፤ የአገር መልእክት በማን እጅ ይለፍ?

የአማርኛው ቅጂ ንጉሡ በኢጣሊያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። የኢጣሊያንኛው ግዴታ አደረገው። ምኒልክ ንግሣቸውን ለአውሮፓ ነገሥታት ሲጽፉ፣ ከእንግሊዝና ከጀርመን የመጣው መልስ ጉዱን አወጣው። ውሉ ፈረሰ፤ ነገሩ የተቋጨው በ1888 ዓ.ም ዓድዋ ላይ ነው።

ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነገሩ ተገልብጦ መጣ። በ2006 ዓ.ም የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ፣ በውጭ አገር በሚሠሩ የኢሳት ባልደረቦች ላይ የስለላ ሶፍትዌር መሞከሩን አጋለጠ። ሶፍትዌሩን የሠራው ሃኪንግ ቲም የተባለ የሚላኖ ኩባንያ ነበር። ሰኔ 2007 ዓ.ም ደግሞ ኩባንያው ራሱ ተጠለፈ፤ የውስጥ ኢሜይሎቹ ዓለም ላይ ተበተኑ። ከደንበኞቹ አንዱ የኢትዮጵያ መንግሥት መሆኑም በዚያው ታየ። «ለደኅንነት» ተብሎ የዜጋን ገመና ለማየት የተገዛ ዕቃ፣ የመንግሥትን ገመና አደባባይ አወጣ።

ለዚህ ነው «የግል ምስጢር ወይስ የአገር ደኅንነት?» የሚለው ምርጫ የማያሳምነኝ። የዜጎች መልእክት፣ አሻራና የሕክምና ማስረጃ ባዕድ እጅ ከገባ የአገር ምስጢር የሚባለው ምን ተረፈው? ድሮ ደብዳቤ ለመሰለል አንባቢ ሰው ያስፈልግ ነበር። ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሊዮኖችን ጽሑፍ፣ ፎቶና ድምፅ አንብቦ ያዛምዳል። እኛም መታወቂያችንንና የላቦራቶሪ ውጤታችንን ፎቶ አንስተን እንልክለታለን፤ በማናነበው እንግሊዝኛ የተጻፈውን ውል «እስማማለሁ» ብለን።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። አዋጁ መውጣቱ ጥሩ ነው። ሥራው የሚመዘነው ግን በሁለት ጥያቄ ነው፦ ፈቃድ የምንሰጥበት ጽሑፍ በምናነበው ቋንቋ ቀርቦልናል? መንግሥት ራሱ «ለደኅንነት ነው» ብሎ ሲጠይቅስ፣ ለምንና እስከ መቼ እንደሆነ የሚጠይቀው አካል አለ?

ምኒልክ የፈረሙትን አማርኛ ያውቁት ነበር፤ የተታለሉት በሌላኛው ቅጂ ነው። እኛ ያለን ሌላኛው ቅጂ ብቻ ነው።