ያልተመዘገበ ትኩሳት፦ የልጆች ኩላሊት ሕክምና ታሪክና የእኛ ቤት

ጻቭ ሪሾን የደረሳችሁ ሁሉ ታስታውሱታላችሁ። ዕድሜ ወደ 17 ሲጠጋ ጥሪው ቤት ይመጣል። ከምርመራው በፊት ሮፌ ሚሽፓሓ የሚሞላው የጤና ቅጽ አለ፤ ያለፈ በሽታ ሁሉ እዚያ ላይ መጻፍ አለበት። ብዙዎቻችን ቅጹን አስሞልተን፣ አስረክበን፣ ረስተነዋል። ይሁን እንጂ ይህ ወረቀት በልጆች የኩላሊት ሕክምና ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ አግኝቷል። ሐኪሞች የልጆችን የሽንት ቧንቧ በሽታ እንዴት እያወቁት እንደመጡ፣ የቱ ላይ ሐሳባቸውን እንደቀየሩ፣ ታሪኩም የእኛን ቤተሰቦች የት ላይ እንደሚነካ ላጫውታችሁ።

በመጀመሪያ የሰውነቱን ነገር እንይ። ሽንት ከሁለቱ ኩላሊቶች በሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ወደ ፊኛ ይወርዳል። ቱቦው ወደ ፊኛ የሚገባው ቀጥ ብሎ ሳይሆን በፊኛው ግድግዳ ውስጥ ሰያፍ ሆኖ ነው። ስለዚህ ፊኛው ሲሞላና ሲጨመቅ ቱቦው ተጭኖ ይዘጋል፣ ሽንቱም ወደ ላይ አይመለስም። አንዳንድ ልጆች ግን ሲወለዱ ጀምሮ ይህ መግቢያ አጭር ነው። ፊኛቸው ሲጨመቅ ሽንቱ ወደ ኩላሊት ይመለሳል። በሽንቱ ውስጥ ባክቴሪያ ካለ፣ ብዙውን ጊዜ በአንጀት የሚኖረው ኢ. ኮላይ፣ እሱም አብሮ ይወጣል። ሕፃን ልጅ ደግሞ "ወገቤን ወጋኝ" ብሎ አይናገርም። ያተኩሰዋል፣ ያስመልሰዋል፣ አልጠባም ይላል፣ በቃ።

ለረጅም ጊዜ ሐኪሞች በደንብ የሚያዩት የታሪኩን መጨረሻ ነበር፤ ኩላሊታቸው የተጨማደደና ጠባሳ የያዘ አዋቂዎችን። ጠባሳው መቼ እንደጀመረ ግን ግልጽ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1960 ጆን ሆድሰንና ዴቪድ ኤድዋርድስ የተባሉ የራጅ ሐኪሞች በእንግሊዝ አገር ባወጡት ጽሑፍ፣ የኩላሊት ጠባሳና የሽንት ወደ ላይ መመለስ አብረው የሚገኙ መሆናቸውን አሳዩ። ከዚያ በኋላ የሐኪሞች ዓይን ከአዋቂው ወደ ልጁ ዞረ።

በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሆስፒታል ትሠራ የነበረችው የልጆች ሐኪም ጂን ስሜሊ ዕድሜዋን ለእነዚህ ልጆች ሰጠች። አነስተኛ መጠን ያለው አንቲባዮቲክ ለረጅም ጊዜ በመስጠት ኢንፌክሽኑ እንዳይመለስ መከላከልን ካስፋፉት ሐኪሞች አንዷ ነች። ከሁሉም በላይ የሚደንቀኝ ግን ትዕግስቷ ነው። በ1998 ከባልደረቦቿ ጋር ያወጣችው ጥናት በልጅነታቸው የታከሙ 226 ሰዎችን የሚመለከት ሲሆን፣ ክትትሉ ከ10 እስከ 41 ዓመት የዘለቀ ነበር። ሕፃን ሆነው ያየቻቸው ሰዎች የልጆች እናትና አባት እስኪሆኑ ድረስ ማለት ነው።

በ1970ዎቹ ደግሞ ቀዶ ሐኪሙ ፊሊፕ ራንስሊና የሥነ ደዌ ባለሙያው አንቶኒ ሪስደን በአሳማ ግልገሎች ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ ባክቴሪያ የያዘ ሽንት ወደ ኩላሊት ሲመለስ ጠባሳው ምን ያህል በፍጥነት እንደሚፈጠር አሳዩ። በዚያ ዘመን ብዙ ልጆች ቱቦው እንዲስተካከል ቀዶ ሕክምና ይደረግላቸው ነበር። ቀዶ ሕክምናና መድኃኒት በአውሮፓና በአሜሪካ በአንድ ትልቅ ጥናት ሲወዳደሩ ግን፣ አዲስ ጠባሳን በመከላከል ረገድ አንዱ ከሌላው የተሻለ ሆኖ አልተገኘም።

ከዚያም አልትራሳውንድ መጣ። ገና በእናታቸው ማሕፀን ያሉ ሕፃናት ኩላሊት መታየት ሲጀምር፣ አንዳንዶቹ አንድም ኢንፌክሽን ሳይነካቸው ትንሽና ያልተሟላ ኩላሊት ይዘው እንደሚወለዱ ታወቀ። "ጠባሳ" ሲባል የነበረው ሁሉ ጠባሳ አልነበረም ማለት ነው። በ2014 የወጣው የአሜሪካ ጥናት ነገሩን ይበልጥ አወሳሰበው። ሽንታቸው ወደ ላይ የሚመለስ 607 ልጆች ለሁለት ዓመት ክትትል ተደረገላቸው፤ ግማሾቹ አንቲባዮቲክ፣ ግማሾቹ መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ ወሰዱ። መድኃኒቱ የኢንፌክሽኑን መመላለስ በግማሽ ያህል ቀነሰው። በኩላሊት ጠባሳ ላይ ግን በሁለቱ ቡድኖች መካከል ልዩነት አልታየም። መድኃኒቱን ከወሰዱት ውስጥ እንደገና በታመሙት ላይ የተገኘው ባክቴሪያም መድኃኒቱን የለመደ የመሆን ዕድሉ ከፍ ያለ ነበር። ስለዚህ ዛሬ ሐኪሞች መድኃኒቱን ለሁሉም አይሰጡም፤ ልጁን አይተው ይወስናሉ።

አሁን ወደ ጻቭ ሪሾን ልመለስ። በ2018 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ አንድ የእስራኤል ጥናት ወጣ። ከጸሐፊዎቹ መካከል የኢየሩሳሌሟ ተመራማሪ ሮኒት ካልደሮን-ማርጋሊትና የልጆች ኩላሊት ሐኪሙ አሳፍ ቪቫንቴ ይገኛሉ። ከ1967 እስከ 1997 ለውትድርና የተመረመሩ 1,521,501 ወጣቶችን መዝገብ ወስደው፣ የኩላሊት እጥበት (ዲያሊዛ) ወይም ንቅለ ተከላ ካስፈለጋቸው ሰዎች አገር አቀፍ መዝገብ ጋር አገናኙት። ከወጣቶቹ 18,592ቱ በልጅነታቸው የኩላሊት በሽታ እንደነበረባቸው ተጽፏል፤ አብሮ የተወለደ ጉድለት፣ የኩላሊት ኢንፌክሽን ወይም የኩላሊት ማጣሪያ በሽታ። በምርመራው ቀን ግን የእነዚህ ልጆች ኩላሊት ደህና ይሠራ ነበር፣ የደም ግፊታቸውም ጤናማ ነበር። "ድኗል" የሚባሉ ነበሩ።

በ30 ዓመት ክትትል ውስጥ ግን የእነዚህ "የዳኑ" ልጆች ኩላሊት ሥራውን ጨርሶ የማቆም ዕድል ከሌሎቹ አራት እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። ኢንፌክሽን ብቻ በነበረባቸውም ቁጥሩ ከዚህ ብዙም አይርቅም። እዚህ ላይ እንዳትደነግጡ። ከእነሱ ውስጥ እጅግ አብዛኞቹ ምንም አልሆኑም፤ አራት እጥፍ የሆነው ከጅምሩ በጣም ትንሽ የነበረ ቁጥር ነው። የጥናቱ መልእክት የልጅነት የኩላሊት ሕመም ቢድንም ሊረሳ አይገባውም የሚል ነው።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነው። ጥናቱ የቆመው በተጻፈ ነገር ላይ ነው። በ1984–85 በዘመቻ ሙሴ በልጅነታቸው ከመጡት የእኛ ሰዎች ብዙዎቹ እስከ 1997 ባሉት ዓመታት ለዚህ ምርመራ ደርሰዋል። የእነሱ የጤና ወረቀት ግን የሚጀምረው ከአውሮፕላን ከወረዱበት ቀን ነው። ከዚያ በፊት በጎንደር ገጠር ወይም በሱዳን መጠለያ ያለፈ ትኩሳት ቅጹ ላይ የሚገባበት መንገድ አልነበረውም። ወረቀት ያልያዘው ልጅ ደግሞ "ጤነኛ" ተብሎ ይቆጠራል።

በእኛ ቤትም ያጋጠመን ይኸው ነው። ታላቅ እህቴ በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ስትመጣ የሦስት ዓመት ልጅ ነበረች። ለጻቭ ሪሾን የደረሰች ጊዜ ያለፈ በሽታ አለ ወይ ስትባል "የለም" አለች፤ ወላጆቻችን ዕብራይስጥ ስለማይችሉ ጠያቂም መላሽም እሷው ነበረች። ከዓመታት በኋላ ስታረግዝ ግፊቷ ከፍ አለ። በአልትራሳውንድ ሲታይ አንዱ ኩላሊቷ ከሌላው አነሰ። ሐኪሟ በልጅነቷ የሽንት ኢንፌክሽን እንደነበረባት ጠየቀቻት። አሁንም "የለም" አለች።

ማታ እናቴን ጠየቅኳት። "አዲስ አበባ ኤምባሲው አጠገብ ስንጠብቅ ትኩሳቷ ይመጣ ይሄድ ነበር" አለችኝ። "ሽንቷን ስትሸና ታለቅሳለች። ምች ነው ብለን ዳማ ከሴ ጨምቀን አጠጣናት። ለቀቃት።" ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽንም ስላት "ማን ጠየቀኝ?" አለች። እውነቷን ነው።

የእህቴ ኩላሊት ያነሰው ከተፈጥሮ ይሁን ከዚያ ጊዜ ትኩሳት፣ ዛሬ እርግጠኛ ሆኖ መለየት አይቻልም። ከ1960 ጀምሮ ሐኪሞች የሚከራከሩበት ጥያቄ በእሷ አካል ውስጥ አለ። ቢሆንም የእናቴ ቃል ፋይሏ ውስጥ ስለተጻፈ በየዓመቱ ግፊቷና ሽንቷ ይታያል። ልጇም ደህና ነው።

እናንተም ወላጆቻችሁን ጠይቁ። "የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነበረብኝ?" ብትሉ "የለም" ነው የሚሏችሁ። በእነሱ ቋንቋ ጠይቁ፦ ትኩሳቱ ይመላለስብኝ ነበር? ስሸና አለቅስ ነበር? ምች ብላችሁ ያከማችሁኝ መቼ ነው? መልሱን ለሮፌ ሚሽፓሓ ንገሩና ይጻፍ። የሽንት ምርመራና የደም ግፊት መለካት ቀላል ነገር ነው። የራሳችሁ ልጅ ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት ሲይዘውም ሽንቱ እንዲታይ ጠይቁ፤ ውጤቱንም አስቀምጡለት፣ አንድ ቀን ቅጹን የሚሞላው እሱ ነውና።