ዋንጫውና ሜዳው፦ ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ የታየው የፋሲል ከነማ አሥር ዓመት

ዛሬ የማነሣው ጉዳይ በታሪክ ትምህርት ክፍሎቻችን እምብዛም አይነሣም። ስለ ነገሥታትና ስለ አድባራት፣ ስለ መሬት ሥሪትና ስለ ግብር ብዙ ጽፈናል። ስለ እግር ኳስ ደጋፊ የጻፍነው ግን ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ የዚህ አካባቢ ወጣት ስለ ቅርብ ዘመን ሲያወራ፣ ጊዜውን በፋሲል ከነማ ውጤት ሲቆጥር ደጋግሜ ሰምቻለሁ፤ «ያደግንበት ዓመት»፣ «ዋንጫ የበላንበት ዓመት» ይላል። ጥያቄዬም ከዚህ ይነሣል። ከጎንደር ሜዳ ርቆ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ከሚኖረው ደጋፊ ወገን ሆነን ስናየው፣ የክለቡ የአሥር ዓመት ታሪክ ምን ይመስላል? መልሴን ከወዲሁ ልናገር፦ ይህ ታሪክ በደረጃ ሰንጠረዥ ብቻ አይጻፍም፤ የዋንጫው ዓመትና የመከራው ዓመት አንድ ነበርና።

በመጀመሪያ ስለ ቦታው። ከነፋስ መውጫ ወይም ከወገዳ የተነሣ ሰው ጎንደር ለመግባት ደብረ ታቦርን አልፎ ወደ ወረታ ይወርዳል፤ ከወረታ ወደ ሰሜን ይታጠፋል። ወደ ደቡብ የታጠፈ ደግሞ ባሕር ዳር ይገባል። ይህ መታጠፊያ የአካባቢውን የአስተዳደር ታሪክ ያስታውሰናል። በቀድሞው ሥርዓት ጋይንት በበጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛት፣ ኋላም በጎንደር ክፍለ ሀገር ሥር ያለ አውራጃ ነበረ፤ መናገሻውም ጎንደር። ዛሬ የክልሉ መቀመጫ ባሕር ዳር ነው። ባሕር ዳር ከነማም በ2011 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ፕሪሚየር ሊጉን ስለ ተቀላቀለ፣ የአካባቢው ደጋፊ ሁለት ከተሞች የሚጠሩት ሰው ሆኗል። ፋሲልን የመረጠ ደጋፊ፣ የወረዳ ካርታ ቢለወጥም ያልተለወጠ የአውራጃ ትዝታ አብሮት እንዳለ አምናለሁ። እንደሚባለው «ከነማ» የሚለው ስም «የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር» ከሚለው ያጠረ ነው። ደጋፊው ግን ከከተማው ክልል እጅግ ርቆ ይገኛል።

ወደ ዘመኑ እንግባ። በ2008 ዓ.ም. ፋሲል ከነማ ወደ ፕሪሚየር ሊጉ አደገ። በዚያው ዓመት የጎንደሩ ሌላ ክለብ ዳሽን ቢራ ከሊጉ ወረደ፤ ብዙም ሳይቆይ ፈረሰ። አንዱ የፋብሪካ፣ ሌላው የከተማ ክለብ ነበርና ደጋፊው የዚያን ዓመት ልውውጥ ትርጉም ሰጥቶ ያስታውሰዋል። ነገር ግን ያ ክረምት የኳስ ብቻ አልነበረም። በሐምሌና በነሐሴ ከጎንደር የተነሣው ተቃውሞ ደብረ ታቦርን ጨምሮ ብዙ ከተሞችን አዳረሰ፤ በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያም በመላ አገሪቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ክለቡ በታላቁ ሊግ ውድድሩን የጀመረው በዚህ ድባብ ውስጥ ነው። ስታዲየሙም ብዙ ሕዝብ በአንድነት ድምፁን ከሚያሰማባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ሆነ።

ይህ ድምፅ አደጋም ነበረው። በኅዳር 2010 ዓ.ም. በወልድያ፣ ከወልድያና ከመቐለ ጨዋታ ጋር ተያይዞ በተነሣ ግጭት የሰው ሕይወት ጠፋ። ወልድያ ለነፋስ መውጫ ሩቅ አገር አይደለችም፤ በጋሸና በኩል የሚያልፈው ያው አውራ ጎዳና ያገናኛቸዋል። የክለብ ፍቅር የብሔር ጥያቄ መልበስ እንደ ጀመረ የክልላችን ደጋፊ በቅርብ ያየው ያኔ ነው።

በ2011 ዓ.ም. ፋሲል በአሠልጣኝ ውበቱ አባተ እየተመራ ለዋንጫው ቀረበ። በመጨረሻው ሳምንት ግን ዋንጫው ከእጁ ወጥቶ ወደ መቐለ 70 እንደርታ ሄደ። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያን ዋንጫ በማንሣቱ የአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫን ደጅ ረገጠ፤ የታንዛኒያውን አዛምን በባሕር ዳር 1 ለ 0 ቢረታም በዳሬሰላም 3 ለ 1 ተሸንፎ ወጣ። የ2012 ዓ.ም. ውድድር ደግሞ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ያለ ሻምፒዮን ተሰረዘ። ደጋፊው ሁለት ዓመት በተከታታይ ከበሩ ላይ ተመለሰ ማለት ነው።

ከዚያ 2013 ዓ.ም. መጣ። በአሠልጣኝ ሥዩም ከበደ የተመራው ቡድን በታሪኩ የመጀመሪያውን የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ በላ። እዚህ ላይ ሦስት ነገሮችን አንድ ላይ እንድታዩልኝ እፈልጋለሁ።

አንደኛ፣ ውድድሩ በተመረጡ ጥቂት ከተሞች እየተዘዋወረ የተካሄደ ሲሆን ጎንደር ከእነዚህ አንዷ አልነበረችም። ክለቡ ለከፍተኛው ማዕረግ የበቃው የገዛ ሜዳውን ጥሎ ነው። ለጎንደር ከተማ ደጋፊ ይህ እጦት ነበር፤ ለስማዳ ደጋፊ ግን የቆየ ኑሮው ነው። እርሱ ቡድኑን ድሮም በሬዲዮ ይከታተል ነበር። በዚያ ዓመት ሊጉ በዲ.ኤስ.ቲ.ቪ. መተላለፍ ሲጀምር፣ ዲሽ ያለበት ቤት አግኝቶ የተቀመጠ የመካነ ኢየሱስ ልጅና የፋሲለደስ ስታዲየም ጎረቤት እኩል ተመልካች ሆኑ። በሜዳ የታጣው ነገር በርቀት የነበረውን ሰው ወደ መሐል አመጣው።

ሁለተኛ፣ ከሁለት ዓመት በፊት ዋንጫውን የወሰደው መቐለ 70 እንደርታ፣ ስሑል ሽረና ወልዋሎ አዲግራት በጦርነቱ ምክንያት በውድድሩ አልነበሩም። ይህን ማንሣት የፋሲልን ድል አያሳንሰውም፤ ቡድኑ የተሰለፉትን ሁሉ ቀድሞ ጨርሷል። ታሪክ ጸሐፊ ግን ያሸነፈውን ሲቆጥር የጎደለውንም መቁጠር ግዴታው ነው። የእኛ ደጋፊ የደስታ ዓመት፣ ለሌላ ከተማ ደጋፊ ክለቡ የጠፋበት ዓመት ነበር።

ሦስተኛ፣ ከዋንጫው ጥቂት ወራት በኋላ ጦርነቱ ወደ ጋይንት ደረሰ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የትግራይ ኃይሎች ነፋስ መውጫን ለቀናት ያዙ፤ በሲቪሎች፣ በተለይም በሴቶች ላይ የተፈጸመው በደል በሰብዓዊ መብት ድርጅቶች ተመዝግቧል። ደብረ ታቦርም በከባድ መሣሪያ ተመታች። በአዲሱ ዓመት፣ በ2014 ዓ.ም. መባቻ፣ ፋሲል በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ የሱዳኑን አል ሂላልን ባሕር ዳር ላይ ገጠመ፤ 2 ለ 2 ተለያየ፤ በመልሱ ጨዋታ 1 ለ 1 ወጥቶ ከሜዳ ውጭ በተቆጠረ ጎል ብልጫ ተሰናበተ። የክለቡን ታሪክ በውጤት ብቻ የሚጽፍ ሰው ይህን «ለጥቂት ያመለጠ ዕድል» ይለዋል። ለነፋስ መውጫ ደጋፊ ግን እነዚያ ሳምንታት ቤተሰቡን የሚፈልግባቸው፣ ሙታኑን የሚቀብርባቸው ሳምንታት ነበሩ። «ዋንጫ የበላንበት ዓመት» እና «ከተማችን የተያዘችበት ዓመት» በአንድ ቁጥር፣ በ2013፣ ይጠራሉ።

ቀሪውን በአጭሩ ልግለጽ። በ2014 ዓ.ም. ፋሲል ቅዱስ ጊዮርጊስን ተከትሎ ሁለተኛ ወጣ፤ በቀጣዩ ዓመትም በኮንፌዴሬሽን ዋንጫ የቡሩንዲውን ቡማሙሩን ጥሎ በቱኒዚያው ስፋክሲያን ተገታ። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል ግጭት ተቀሰቀሰ፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ኢንተርኔት ተዘጋ፤ መንገድም ተቆረጠ። ቡድኑን በሩቅ ሆኖ መከታተል የለመደው ደጋፊ መከታተያውን ራሱ አጣ።

አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣብኝ አውቃለሁ። ሕዝብ በሚያልቅበት ጊዜ ስለ ኳስ መጻፍ ቀልድ አይሆንም ወይ? መልሴ ይህ ነው፦ በመከራ ውስጥ ሰው የሚይዘው ነገር ምን እንደሆነ የማይጠይቅ ታሪክ፣ መከራውን መዝግቦ ሰውየውን ይረሳዋል። የነፋስ መውጫ ወጣት በዘገባዎች ውስጥ ተጎጂ ወይም ተፈናቃይ ሆኖ ተጽፏል። ያው ሰው ግን የአሰላለፍ ስም በቃሉ የሚጠራ፣ በዳኛ ውሳኔ የሚከራከር፣ ከማያውቀው የጎንደር ልጅ ጋር «እኛ» የሚል ሰው ነው። ሁለቱን መልኮች በአንድ ገጽ ላይ ካላኖርናቸው የዚህን ዘመን ታሪክ በግማሹ ብቻ ነው የምንጽፈው።

ሌላው ተቃውሞ የደጋፊ ትዝታ አይታመንም የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ደጋፊ ጎል ይጨምራል፤ ሽንፈትንም በዳኛ ያላክካል። ነገር ግን ውጤቱን ከመዝገብ ማረም እንችላለን። ከመዝገብ የማናገኘው ውጤቱን የት ሆኖ፣ ከማን ጋር፣ በምን ፍርሃት መሐል እንደ ሰማው ነው። ይህን የሚነግረን እርሱ ብቻ ነው።

ስለዚህ ተማሪዎቼን አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ከእናንተ ብዙዎቹ የእነዚህ ወረዳዎች ልጆች ናችሁ። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ስትፈልጉ ወደ ሩቅ ቤተ መዛግብት ብቻ አትመልከቱ። መቅረጫ ይዛችሁ ታላላቆቻችሁን ጠይቁ፦ በ2013 ዓ.ም. ዋንጫው ሲነሣ የት ነበራችሁ? በነሐሴስ? አብሯችሁ ጨዋታ ይሰማ የነበረ፣ ዛሬ የሌለ ሰው ማን ነው? የሚመልሱላችሁ ሰዎች ዛሬ አሉ፤ የክለቡ ዋንጫ በመደርደሪያው ላይ ይቆያል፣ የእነርሱ ቃል ግን ካልተጻፈ አይቆይም።